ወሩና ወራችን

ልጅ ሆኜ አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። አንደኛዋ፣ «እህቴ፣ መጀመሪያ ቁልፍ ተቀበዪ፤ ከዚያ ቁልፍ መልሺ» አለች። ሌላይቱ ስቃ፣ «እሱማ ለታደለ ነው» አለቻት። ወይም ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር፤ መጀመሪያ መልሺ፣ ከዚያ ተቀበዪ ብላት ይሆናል። ሠላሳ ምናምን ዓመት አልፎታል። ያልረሳሁት የሚገቡበትና የሚለቁት ቤት ሁለት ቁልፍ እንዳለና አንዱ ሌላውን መቅደም እንዳለበት ብቻ ነው።

ሥራዬ የስፌት ማሽን ጥገና ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ እየፈታሁ፣ እያበላሸሁ፣ መልሼ እየገጠምኩ ለመድኩት። ሰው ማሽኑን ተሸክሞ ሲመጣ «መርፌው ነው»፣ «ክሩ ነው» ይለኛል። እሺ እልና መዘውሩን እንዲያዞረው አድርጌ አዳምጣለሁ። ማሽኑ ራሱ ይናገራል። ባለቤቴ፣ «ለብረት ያለህን ትዕግሥት ግማሹን ለእኔ ብታደርገው» ትለኛለች።

እሷ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። የሰው ደብዳቤ ስታርም የምትውል ሴት ስለሆነች፣ ቤት መልቀቃችንን ለአከራያችን የመንገሩን ነገር ለእሷ ተውኩት። አከራያችንን እትዬ ነው የምንላቸው፤ ግቢያቸው ውስጥ ባሉት ሁለት ክፍሎች ዘጠኝ ዓመት ኖረናል። ዘንድሮ ፈጣሪ ረድቶን ከአንድ ጡረተኛ መምህር ትንሽ ቤት ገዛን። መምህሩ ሴት ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው፤ ቤቱን ወሩ በገባ በሠላሳ ሊያስረክቡን ተፈራረምን። ባለቤቴም ለእትዬ፣ «ወሩ ሲሞላ እንለቃለን» አለቻቸው። እትዬ መረቁን። ነገሩ ያለቀ መሰለን።

ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ጠዋት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከሚስቱ ጋር መጥቶ የፊተኛውን ክፍል ግድግዳ በሲባጎ ይለካ ጀመር። አብራን የምትኖረው እናቴ እዚያው አልጋዋ ላይ እንደተኛች፣ «እኔንም ለካኝ አባቴ፤ ከቁም ሳጥኑ ጋር ነው አሉ የምጫነው» አለችው።

«ምን ልትሠሩ ነው?» አልኩ።

«ዕቃችን ይገባ እንደሆነ ለማየት ነው» አለ ሾፌሩ አፍሮ። «በአሥራ ሁለት ስለምንገባ።»

«የቱ አሥራ ሁለት?»

«የዛሬ ሳምንት ነዋ» አለች ሚስቱ።

ባለቤቴ ማማሰያውን እንደያዘች እየጮኸች ከጓዳ ወጣች። እትዬም ጩኸቷን ሰምተው እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ መጡ።

«ወሩ ሲሞላ ብለሽኝ የለ እንዴ ልጄ?»

«ወሩ ሲሞላ ነዋ እትዬ! በሠላሳ!»

«ሠላሳን ደግሞ ምን አመጣው? የገባችሁት በአሥራ ሁለት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወራችሁ የሚሞላው በአሥራ ሁለት።»

«እኔ ወሩ አልኩ እንጂ ወራችን መች አልኩ!»

«እኔ እንዲህ ያለ ሰዋስው አላውቅም። በዚህ ግቢ ያለው ወር አንድ ነው። ለእነዚህ ልጆችም ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

የዋሸ ሰው የለም። ጸሐፊዋ በአንዲት ቃል ጭራ ተጠልፋ ወደቀች፣ እኔም አብሬ።

ከአሥራ ሁለት እስከ ሠላሳ አሥራ ስምንት ቀን ነው። ሁለታችን ብቻ ብንሆን ሱቄ ውስጥ በማሽኖቹ መሃል ፍራሽ ዘርግተን እንተኛ ነበር። ጭንቁ እናቴ ናት። ዳሌዋ ከተሰበረ ገና ሁለተኛ ወሯ ነው፤ የአጥንት ሐኪሙ ቤት እንደምንቀይር ስንነግረው ሳይወድ ነበር የፈቀደልን። «አንዴ ብቻ፣ ተኝተው። ሁለቴ ካመላለሳችኋቸው ግን በእግራቸው መሄዳቸውን እርሱት» ብሎናል።

የዚያኑ ዕለት መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። መጽሐፎቻቸውን በካርቶን ይከታሉ። አሥራ ስምንት ቀን አስቀድመው እንዲያስገቡን ስጠይቃቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወንድሜ፣ ሁለት ሦስት ቀን እንግዳ ነው። አሥራ ስምንት ቀን ግን ዘመድ ነው። ዘመድ ደግሞ ሞልቶኛል።»

በእሳቸው አልፈርድም። ሚስታቸው ያረፉበትን ቤት በገዛ ጊዜያቸው ሊሰናበቱት ይፈልጋሉ። ሦስት ቀን ሌላ ቤት ፈለግን፤ ለአሥራ ስምንት ቀን የሚያከራይ ሰው የለም። ባለቤቴ ምግብ አልበላ አላት። «በምላሴ እግሯን ሰበርኩት» ትላለች። እኔም በልቤ እጸልያለሁ።

ወሩ በገባ በስምንተኛው ቀን ሾፌሩና ሚስቱ መጋረጃ የሚሰቀልበትን ለማየት ተመልሰው መጡ። እትዬም አብረዋቸው ገቡ። ባለቤቴ ፊቷን አዞረች። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ አዳምጣለሁ። ሾፌሩ ስለ መስኮቱ ያወራል፣ እትዬ ስለ ውሃው ያወራሉ። ሚስቲቱ ሲባጎውን እየጠቀለለች ለራሷ፣ «ምን እንዳጣደፈን እንጃ፤ ያኛው ቤት እያለልን» ስትል ሰማኋት።

«እህቴ፣» አልኳት፣ «የእናንተስ ወር መቼ ነው የሚሞላው?»

«የእኛ? በሃያ አምስት።»



«ታዲያ በአሥራ ሁለት ለምን?» አለች ባለቤቴ።

ሾፌሩ እትዬን አየ። «‹ቶሎ ካልያዛችሁት ሌላ ሰው አለ› ስላሉን ነዋ።»

«ሌላ ሰው ማን አለ!» አሉ እትዬ። «ለነገር ማጣፈጫ ያልኩትን ነው እንዴ የያዝከው?»

እናቴ ከአልጋዋ ስቃ፣ «አታስቁኝ፣ አጥንቴ!» አለች። እትዬም ሳቃቸው አመለጣቸው። ሾፌሩ በሃያ አምስት ቢገባ ደስ እንደሚለው ተናገረ፤ ለሁለት ቤት ኪራይ ከመክፈል ይገላገላል። እትዬ፣ «በፈቃዳቸው ካሉ ቃሌን አላጠፍኩም» ብለው ቀኑን ለወጡት። ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከዚያ ራቴን ስጡኝ አለች፣ ገና በቀን።

የቀረን አምስት ቀን ነው። ወደ መምህሩ ቤት ስሄድ መንገዱን ሙሉ፣ «አሥራ ሦስቱን የሰጠህ ጌታ፣ አምስቱ አያቅትህም» እያልኩ ነበር።

መምህሩ በሩን ከፍተው ገና ሳልናገር፣ «አሁንም አሥራ ስምንት ነው?» አሉኝ።

«አምስት ሆኗል። እናቴና የሚያስታምማት አንድ ሰው ብቻ። በፊተኛው ክፍል።»

«እንዴት ሆኖ አምስት ሆነ?»

ነገርኳቸው። ወሩና ወራችን የሚለው ላይ ስደርስ፣ «ይህንን ለተማሪዎቼ ባስተማርኩት ኖሮ!» ብለው ካርቶኑ ላይ ተቀመጡ። ቀጥለውም፣ «እናትህ ያንኮራፋሉ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ታንኮራፋለች። አልዋሽዎትም።»

«እኔም አንኮራፋለሁ፤ ማንም ማንን አይሰማም።» ተነሥተው የፊተኛውን ክፍል በር ገፋ አድርገው ወርዱን በዓይናቸው ለኩት። አልጋ ተሸክሞ ለሚገባ ሰው የሚበቃ ነበር።

«እሺ» አሉ። «አልጋዬን ነገ ወደ ጓዳ አዛውራለሁ። በሃያ አምስት ጠዋት ይዘሃቸው ና፤ በሩን ራሴ እከፍትላቸዋለሁ።»