ዋስ የሌለው ሞባይል ጠጋኝ

ሲሳይነሽ ማንበብ ከጀመረች ገና ስምንት ወሯ ነው። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ትምህርት ቤት፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከጎልማሶች ጋር ተቀምጣ ፊደል ትቆጥራለች። ስለዚህ ያን ማክሰኞ ጠዋት ስልኳ ድንገት ጮሆ ቀይ ጽሑፍ ሲያወጣባት ሰው አልጠራችም። ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና በጣቷ እየተከተለች ታነበው ጀመር።

«ው...ድ ደን...በኛ። ስልክዎ... ተበክሏል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ... ካላደሱት... ይዘጋል። እዚህ... ይጫኑ።»

ይህ ስልክ መዘጋት የለበትም። የስምንት ዓመት ልጇ ውዳሴ ግራ እግሯ ከተወለደች ጀምሮ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወስዳ አሳይታታለች፤ የአጥንት ሐኪም ሲመጣ ይደወልልዎታል ተብላለች። ነርሷ ቁጥሯን እየጻፈች፣ «ስልክዎ ክፍት ይሁን እናቴ። ካልተገኙ ተራው ለሚቀጥለው ነው» ብላታለች። ከዚያ ወዲህ ሲሳይነሽ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ እንኳ ስልኳን መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ ነው።

ግን አንድ ነገር ከነከናት። ማንበብ ስትጀምር ባሏ ገደፋው ላሚቱን ሊያልብ ገብቶ ነበር፤ ስትጨርስ ወተቱን ይዞ ወጣ። ሁለት ደቂቃው ታዲያ የት ሄደ? ስልኩ አልተዘጋም። ከሰዓት በኋላ ጽሑፉ ተመልሶ መጣ፤ አሁንም ሁለት ደቂቃ ይላል። ረቡዕም ሁለት ደቂቃ።

«ይህ ሰው ይዋሻል» አለች።

«የቱ ሰው?» አለ ገደፋው።

«ይህን የጻፈው።»

«ኧረ ስልክ ነው፣ አንቺ! ስልክ ደግሞ ምን ይዋሻል? እንዲያውም እርስዎ እያለ በክብር ነው የሚያናግርሽ። እኔ እንኳ እንዲያ ብዬሽ አላውቅ።»

«እሱ ነው የከነከነኝ። ሳያውቀኝ ምን አከበረኝ?»

ሐሙስ ዕለት ባሰበት። እህቷ ስትደውል ቀዩ ጽሑፍ ከፊት ተደቀነ፤ ማንሻውን ፈልጋ ሳታገኝ ጥሪው ተቋረጠ። ሆስፒታሉ ቢሆንስ ኖሮ? ነጠላዋን ጣል አድርጋ ቡሬ ወረደች።

ሞባይል ጠጋኙ ያረጋል ይባላል። ስልኩን ተቀብሎ አንዴ አየት አደረገና፣ «አፕዴት ነው የፈለገው። ትተውልኝ ይሂዱ፣ ቅዳሜ ይምጡ» አለ።

«ጽሑፉ ምን ይላል?»

«የሲስተም ነገር ነው እናቴ፣ ለእርስዎ አይገባዎትም።»

«እኔስ አንብቤዋለሁ። አንተ አንብበኸዋል?»

ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሳቁ። ያረጋል ፊቱ ቀላ፤ ጣቱን ወደ ጽሑፉ ሰደደ። ሲሳይነሽ እጁን ለቀም አደረገችው።

«ይጫኑ ነው የሚለው፤ እንጫነዋ!»

«ግባ ያለህ ሰው ቤት ሁሉ ትገባለህ?»

«እሺ፣ ያለውን ሁሉ ልጥረገው። ግን እኔ ዘንድ ይደር።»

«ይደር። ዋስ ጥራ።»

«ምን?»

«ዋስ። እኛ ዘንድ በሬ እንኳ ለሰው ሲሰጥ በዋስ ነው። እንደነበረ ልትመልስልኝ ዋስህ ማን ነው?»

ያረጋል እየሳቀ አጠገቡ ወዳለው ልብስ ሰፊ ዞረ። «ወልደ ዮሐንስ! ኧረ ና ዋስ ሁነኝ!»

ወልደ ዮሐንስ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል፣ «መጀመሪያ የእኔን ስልክ መልስ» አለ።

ሱቁ በሳቅ ተሞላ። ሲሳይነሽ ግን አልሳቀችም። «በል ሲም ካርዴን አውጣልኝ።»

«ሲሙ ከሌለ አፕዴት አይሆንም።»

«አሁን እጠርገዋለሁ አላልክም?»

መልስ አልጠበቀችም። ስልኩን ነጥቃ፣ የጀርባውን ክዳን በጥፍሯ ፈልቅቃ፣ ካርዱን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችና ስልኩንም ይዛ ወጣች።

ጎረቤቷ አስካለ ማርያም ሁለት ሲም የሚይዝ ባለ ቁልፍ ስልክ አላት፤ ከመደወልና ከማብራት ሌላ የማያውቅ። ካርዱን እዚያ ከተቱት። ከዚያ በኋላ ሲሳይነሽ ከአስካለ ጎን አልጠፋችም፤ እርሻም፣ ወንዝም፣ ወፍጮ ቤትም።

«ባሌ እንኳ ሲያጨኝ እንዲህ አልተከተለኝም» ትላለች አስካለ።

ሰኞ ረፋድ ላይ የማይታወቅ ቁጥር ደወለ።

«ወይዘሮ ሲሳይነሽ ነዎት? ከሆስፒታል ነው። ረቡዕ ጠዋት ውዳሴን ይዘው ይምጡ። እሺ ካሉ አሁኑኑ ልመዝግብ።»

እሺ ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ቀዩ ጽሑፍ ትዝ አላት። ይህችም እርስዎ ትላለች። ይህችም አሁኑኑ ትላለች።

«ማን እንደሆንሽ በምን አውቃለሁ?»

«እናቴ፣ ገና ብዙ ሰው እደውላለሁ። ይመጣሉ፣ አይመጡም?»

አስካለ ክንዷን ቆነጠጠቻት። «እሺ በያት አንቺ! ተራው ሊያልፍብሽ ነው!»

እውነት ቢሆንስ? በገዛ ጥርጣሬዋ የልጇን እግር ሳይታከም ብታስቀርስ? ሆኖም ጠየቀች።

«የልጄ የትኛው እግሯ ነው?»

ወዲያ ማዶ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ።

«ግራው። ሌላስ? የአባቷን በሬ ስም ልንገርዎት?»

ሲሳይነሽ ትንፋሿን ለቀቀች። «እንመጣለን። ግን ስምሽን ንገሪኝ፤ ስደርስ በስምሽ ነው የምጠራሽ።»

«ብርሃን እባላለሁ» አለች ልጅቱ፣ አሁን እየሳቀች።

ረቡዕ ጠዋት ሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ደጃፍ ሰው ተኮልኩሏል። ሲሳይነሽ ውዳሴን በእጇ ጨብጣ በሰዉ መካከል አለፈችና፣ «ብርሃን የምትባል አለች?» ብላ ጮኸች። ከመስኮቱ ጀርባ አንዲት ሴት እጇን አወጣች።

የልጇን እጅ የለቀቀችው በስልክ ያወራቻትን ሴት በዓይኗ ስታይ ነው።