እምቢ የማይወጣት ማርሊስ

ማርሊስ ቶለፍሰን በስድሳ አንድ ዓመቷ ለማንም ሰው ፊት ለፊት እምቢ ብላ አታውቅም። ይሄን ስል አላጋነንኩም። የሰሜን ሚኒሶታ ሰው ሁሉ ትንሽ ትንሽ እንዲህ ነው፣ እሷ ላይ ግን ባሰ። ጎረቤት የማትፈልገውን ድመት ቢሰጣት ትወስዳለች። ከእሁድ ቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሰሃን የሚያጥብ ሲጠፋ ሁሉም ዞሮ የሚያየው እሷን ነው። ነገሩ ካቅሟ በላይ ሲሆንባት ብቻ «እስቲ አስብበታለሁ» ትላለች። ያገሯ ሰው ይህቺን ከሰማ ነገሩ እንዳለቀለት ይገባዋል፣ ዳግመኛም አይጠይቃትም።

ታዲያ የዕዳ ሰብሳቢዎች ስልክ የወረደባት እንዲህ ባለችው ሴት ላይ ነበር።

ዕዳው የመጣው ከቤት ማሞቂያ ነው። ባሏ ቨርጂል በሞተ በዓመቱ፣ በክረምቱ አጋማሽ፣ ማሞቂያው ቀጥ አለ። አፍንጫ በሚያስቆርጥ ብርድ መሃል ዋጋ የሚከራከር የለምና በክሬዲት ካርዷ አዲስ አስገባች። ሁለት ዓመት ሙሉ ወር ሳታዛንፍ ከፈለች። የምትሠራው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ የሥራ ሰዓቷን በግማሽ ሲቆርጡባት ግን ወይ ቤቱን ወይ ካርዱን መምረጥ ግድ ሆነባት፣ ካርዱን ተወችው። የማሞቂያው ዋጋ በዚያን ጊዜ ተከፍሎ አልቆ ነበር። ቅጣቱና ወለዱ ግን እርስ በርሱ እየተዋለደ ሰባት ሺህ ዶላር ገባ። ባንኩ ሲሰለቸው ዕዳዋን ቡፋሎ የምትባል ሩቅ ከተማ ላለ አንድ ሰብሳቢ ድርጅት በርካሽ ቸበቸበው፣ የማርሊስ ስልክም ጩኸቱን ጀመረ።

እህቷ አርዲስ ባትኖር ኖሮ ይሄ ታሪክ በሁለተኛው ቀን አልቆ ነበር። አርዲስ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆና እስክታገግም እህቷ ቤት ሶፋው ላይ የተንጋለለች፣ ሠላሳ ዓመት በካውንቲው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራች፣ ምላሷን ማንም ያልገራላት ሴት ናት። ማርሊስ ከሥራ ስትገባ ስልኩ ጮኸ፣ አነሣች፣ አንድ ወጣት ሰባት ሺህ ዶላሩ ቢቀር አሥር ዶላር እንኳ ለመልካም ፈቃድ ያህል እንድትከፍል ጠየቃት። ማርሊስ ቦርሳዋን ስትከፍት አርዲስ በክራንቿ ቦርሳውን ከጠረጴዛው ላይ ጠረገችው።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የማርሊስን የወረቀት ካርቶን አስመጥታ ስትበረብር ቆየችና አንዲት ብጣሽ ደረሰኝ አወጣች። የመጨረሻው ክፍያ የተከፈለበት ቀን ማርች ስምንት ነበር፣ ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን የቀረው።

«ስሚኝ፣ አንቺ የዋህ» አለቻት። «በዚህ ግዛት ሕግ ከመጨረሻው ክፍያ ስድስት ዓመት ካለፈ ሊከሱሽ አይችሉም። ዛሬ ፌብሩዋሪ አሥራ ስምንት ነው። የቀረሽ አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። በዚህ መሃል አንዲት ዶላር ከሰጠሻቸው ግን ስድስቱ ዓመት እንደ አዲስ ከአንድ ይቆጠራል።»

ማርሊስ ስልኩን ባላነሣውስ ብላ ጠየቀች። አርዲስ ራሷን ነቀነቀች። የማታነሺ ከሆነ፣ ወይም አትደውሉብኝ ብለሽ ከጻፍሽ፣ ተስፋ ይቆርጡና ፋይሉን ለጠበቃ ይወረውሩታል አለች። እዚህ አገር ክስ ለመጀመር ዳኛ ፊት መቅረብም አያስፈልግም፤ አንድ ሰው በርሽን አንኳኩቶ ወረቀቱን ካስጨበጠሽ ተከሰስሽ ማለት ነው። ጠበቆቻቸው ደግሞ ሚኒያፖሊስ ናቸው፣ በመኪና ሁለት ሰዓት። ከዚያ በኋላ ከደሞዝሽ ሩቡን ከምንጩ ይቆርጡታል፣ በቀረው የቤትሽን ብድር መክፈል ያቅትሽና ቤቱ በበጋው ይሸጣል። ስለዚህ አንሺ፣ አውሪ፣ ብቻ እሺ አትበይ።

«እምቢ ልበላቸው?» አለች ማርሊስ፣ ቃሉ ራሱ አፏን እያቃጠላት።

«እምቢማ ካልሽ ያው ጠበቃ ነው። እሺም እምቢም አትበይ።»

ማርሊስ እፎይ አለች። እሺም እምቢም አለማለት ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው ሙያ ነው።

የሚደውለው ልጅ ላማር ይባላል። በየቀኑ፣ ማርሊስ ከትምህርት ቤት ምሳ ተመልሳ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ይደውላል። መጀመሪያ ድምፁን አወፍሮ ስለ ከባድ መዘዝ ይነግራት ነበር። እሷም «እውነትህን ነው፣ ከባድ ነው» እያለች ታዳምጠዋለች። ከዚያ እናቱ ደህና መሆናቸውን ትጠይቃለች። ከዚያ በረዶው ስንት ክንድ እንደደረሰ። የቡፋሎ ሰው ደግሞ በበረዶ ነገር አይታማም፣ በበረዶ ሲፎካከሩት ዝም የማለት አቅም የለውም። ላማር መኪናው ሦስት ቀን እንደተቀበረ ሲያወራ እሷ የቨርጂል መኪና ስምንት ቀን እንደተቀበረ ትነግረዋለች፣ አርባ ደቂቃ እንደ ዋዛ ያልፋል። ሊዘጋ ሲል ደግሞ ጉድ ነው። ማርሊስ ደህና ሁን ካለች በኋላ እህቱን ታስታውሳለች፤ ዳግመኛ ደህና ሁን ካለች በኋላ ጉንፋኑ እንዴት እንደሆነ። ስልክ የሚዘጋበት እንጂ ስልክ የማይዘጋለት ሰው ገጥሞት የማያውቀው ላማር መውጫው ይጠፋዋል።

ስለ ገንዘቡ በጠየቃት ቁጥር ግን መልሷ አንድ ነው፣ እስቲ አስብበታለሁ። እሱም ደስ ብሎት እየጻፈ፣ እንደዚህ ከሆነ ፋይሉ እኔው ጠረጴዛ ላይ ይቆያል ይላታል። አርዲስ ይህን በሰማች ቁጥር ሶፋው ላይ ሆና እጇን ለጸሎት እንደሚያነሣ ሰው ወደ ጣሪያው ታነሣለች።

አንድ ቀን ብቻ ሊበላሽ ትንሽ ቀረው። በዚያ አገር ሰው ጣፋጭ ሲያቀርብልህ መጀመሪያ አይ ይቅርብኝ ትላለህ። ሲደግምልህ አይ አላስቸግር ትላለህ። ሦስተኛ ሲልህ ግን መቀበል ግዴታ ነው፣ ያኔ እምቢ ያለ ሰው ባለጌ ነው። ላማር ይህን ሳያውቅ በአንድ ስልክ ላይ ሰባት ሺሁን ወደ ግማሽ አወረደላት፣ ማርሊስ አይ ይቅርብኝ አለች። ወደ ሁለት ሺህ አወረደ፣ አይ አላስቸግርህ አለች። ወደ ዘጠኝ መቶ ሲያወርደው፣ በወር አሥር አሥር ዶላር፣ የማርሊስ አፍ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ «እንግዲህ ካላስቸገርኩህ» ብሎ ጀመረ። አርዲስ በታመመችው ጉልበቷ ከሶፋው ዘላ የስልኩን ገመድ ከግድግዳው መዘዘችው። ላማር መልሶ ሲደውል ማርሊስ መስመር ተቋረጠ አለችው፣ እሱም በበረዶው ነው አለ። ማርሊስ ያን ሌሊት በውሸቱ እንቅልፍ አጣች። አርዲስ ደግሞ ጉልበቷን በበረዶ ከረጢት ይዛ እህቷን ስትራገም አደረች።

እንዲህ እንዲህ ብለው ማርች ስምንት ደረሱ። የቀረው ያ አንድ ከሰዓት ነበር። አርዲስ ከጠዋት ጀምሮ ትዘፍናለች፣ ለማታው ኬክ አዝዛለች። ስልኩ ሲጮህ አሁንማ አናግሪው፣ ስለ በረዶ ጠይቂው፣ አለቻት እየሳቀች።

የላማር ድምፅ ግን የወትሮው አልነበረም። ስለ እናቱ ስትጠይቀው ደህና ናቸው ብቻ አለ። ከዚያ ተነፈሰ። አሥራ ሦስት ጊዜ በስሟ ሊከፍሉ ቃል ገብተዋል ብሎ እንደጻፈ፣ አለቃው ዛሬ ጠዋት ያን ወረቀት በሰው ሁሉ ፊት ጮክ ብሎ እንዳነበበው፣ ባልደረቦቹ እንደሳቁበት ነገራት። ዛሬ አሥር ዶላር እንኳ ካላገኘ የወሩ ጉርሻው ተቃጠለ። የቤት ኪራዩ ያለው እዚያ ላይ ነበር።

«ወይዘሮ ቶለፍሰን፣ ቃል ገብተውልኝ ነበር እኮ።»

ማርሊስ ቀጥ አለች። «መቼ ነው ቃል የገባሁልህ፣ ልጄ?»

«በየቀኑ። አስብበታለሁ ሲሉኝ።»

ማርሊስ ነገሩ ገባት። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ እምቢ ስትለው እሱ እሺ አለች ብሎ ሲጽፍ ኖሯል ለካ። ባገሯ ሕፃን እንኳ የሚገባው መልስ ቡፋሎ ሲደርስ ተስፋ ሆኖ ነበር የሚያርፈው። በሕይወቷ ሰው አታልላ የማታውቅ ሴት አንድን ልጅ በየቀኑ፣ ፈገግ እያለች፣ እናቱን እየጠየቀች ስታታልል ከርማለች። በጣም አፈረች።

አርዲስ ከሶፋው ላይ ሆና ነገሩ ገብቷታል። በእጇ በረዶ፣ በረዶ እያለች ታመለክታለች። አንድ አስብበታለሁ ብቻ ነው የቀረሽ ትላለች በከንፈሯ። አንድ ብቻ፣ ከዚያ አለቀ።

ቦርሳው ከእጇ ሥር ነበር። አሥር ዶላር ነው። አሥር ዶላር ሰጥታው ልጁን ከኪራዩ ልታሳርፈው ትችላለች፣ በበጋ ግን ቨርጂል በእጁ የሠራውን በረንዳ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። አስብበታለሁ ብላውም ቤቷን ልታተርፍ ትችላለች። አሁን ግን ቃሉ እሱ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አውቃለች፣ እያወቀች ማለት አቃታት።

«ላማር» አለች። «ከመጀመሪያው ልነግርህ ይገባ ነበር። አልከፍልም። ዛሬም አልከፍልም፣ ነገም። እምቢ።»

አርዲስ ትራሱን ፊቷ ላይ አደረገች።

ማርሊስ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይዘጋል። እሷ ግን አንዴ አፏ ከተከፈተ ግማሹን እውነት ነግሮ ግማሹን መደበቅም ያው ማታለል መስሎ ታያት። ስለዚህ ቀጠለች፣ አርዲስ በትራሱ ውስጥ እያቃሰተች።

«ምክንያቱን ደግሞ እወቀው። ዛሬ ስድስተኛ ዓመቱ ያልቃል። እምቢታዬን ዛሬ ከጻፍከው ጠበቆቻችሁ እስከ ማታ በሬ ላይ ይደርሳሉ፣ ቤቴን አጣለሁ። ነገ ከጻፍከው ምንም አያደርጉኝም። ቃል ገብታለች ብለህ እንደገና እንድትጽፍልኝ አልፈልግም፣ ውሸት ነው። እምቢ አለች ብለህ ጻፍ። መቼ እንደምትጽፈው ያንተ ጉዳይ ነው።»

ስልኩ ውስጥ የላማር ኮምፒውተር ቁልፎች ድምፅ ቀጥ አለ። ንግግሩ በሙሉ እንደሚቀዳ ላማር በየቀኑ መጀመሪያ ላይ ይነግራታል፣ ግዴታው ነው። በሩቁ የባልደረቦቹ ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ እንዲከፍሉት ሰው ይለምናል፣ አንዱ ይዝታል። ማርሊስ የስልኩን ገመድ ጣቷ ላይ ጠምጥማ ጠምጥማ ጣቷ ጠቆረ። ልጁ ቢናደድባት አትፈርድበትም፤ እሷ በሱ ቦታ ብትሆን ምን እንደምታደርግ አታውቅም።

«ወይዘሮ ቶለፍሰን» አለ በመጨረሻ፣ ቃላቱን አንድ ባንድ እያስቀመጠ። «እዚህ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። የሥራ ሰዓቴ አልቋል። ነገ ጠዋት ስገባ እጽፈዋለሁ።»

ማርሊስ ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ስምንት ከሩብ ይላል። ቡፋሎ በአንድ ሰዓት ይቀድማል እንጂ በሦስት አይቀድምም። ይሄን ያህል የተሳሳተ ሰው አይታ ዝም ብላ አታውቅምና ልታርመው አፏን ስትከፍት የአርዲስ ክራንች ጭኗን ወጋት። ማርሊስ አፏን ዘጋች። ዓይኖቿ እንባ ሞሉ።

«እውነትህን ነው፣ መሽቷል» አለችው። ከዚያም ያገሯ ሰው ለሚወደው ሰው ሲሰናበት የሚለውን አለችው። «ወደ ቤት ስትሄድ መንገድ ላይ አጋዘን እንዳይገባብህ፣ ልጄ፣ ቀስ ብለህ ንዳ።»

«እጠነቀቃለሁ፣ እማማ» አለ ላማር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቡፋሎ መሃል ከተማ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ።