ከስታፎርድ እስከ ስቶክ

ጭረቱ ብርቱካናማ ነው፣ ቀይ አይደለም፣ ቀይ ቢሆን ሌላ ጉዳይ ነበር፣ በአውራ ጣቴ ሳሸው ትንሽ ይለቃል፣ ጥፍሬ ስር ይገባል፣ ከፊት ፓራፋንጎው ጀምሮ የግራውን በር አቋርጦ እጀታው ጋ ሲደርስ ያልቃል፣ ስፖኪዮውም ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ እኔ አላጠፍኩትም፣ ጠዋት ዉስተር ላይ መኪናዋን ስረከብ አራቱንም ጎን ፎቶ አንስቻለሁ፣ ይኸው ስልኬ ውስጥ አለ፣ ንጹህ ሰማያዊ በር፣ የተዘረጋ ስፖኪዮ፣ መስታወቱ ላይ የኔ ግማሽ ፊት።

ኮን ነው። መንገድ በሚጠገንበት ሁሉ በሰልፍ የሚያቆሙት የፕላስቲክ ኮን ብርቱካናማ ነው፣ አንዱን ገጨሁት፣ አለቀ።

የመንገድ ሰራተኛ ጃኬትም ብርቱካናማ ነው።

አይ፣ ጃኬት ጨርቅ ነው፣ ጨርቅ ቀለሙን ቆርቆሮ ላይ አይተውም፣ ይተው ይሆን እንዴ፣ ጎንበስ ብዬ ስፖኪዮው ስር አያለሁ፣ ክር እፈልጋለሁ፣ ጸጉር እፈልጋለሁ፣ የለም፣ ጎማው ጋ እንበረከካለሁ፣ የለም፣ አንዲት ሴትዮ ከመንገድ ዳሩ ማረፊያ ሱቅ ወጥታ ቡናዋን እንደያዘች አጠገቤ ትቆማለች፣ ገጩብህ እንዴ ትላለች፣ አዎ፣ አቁሜያት ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ አንዱ ገጭቷት ሄዷል እላለሁ፣ አይ የዘንድሮ ሰው ትላለች፣ አዎ የዘንድሮ ሰው። ውሸቱ እንዴት ቶሎ መጣ፣ ተዘጋጅቶ ሲጠብቀኝ የነበረ ይመስል።

እስቲ ከመጀመሪያው። ስታፎርድ ጋ ሃምሳ የሚለውን ምልክት አይቻለሁ፣ ፍጥነት ቀንሻለሁ፣ በግራ በኩል ኮኖቹ ይጀምራሉ፣ ሬዲዮው ስለ ድንች በሽታ ያወራል፣ ከዚያ ስቶክ የሚል ሰሌዳ፣ ሬዲዮው ዘፈን ላይ ነው። በመሃል አስራ ሁለት ማይል አለ። አስራ ሁለቱን ማይል ማን ነዳው፣ እንቅልፍ አይደለም፣ እንቅልፍ ከመጣ መምጣቱን አውቃለሁ፣ አንገቴን ይጎትተኛል፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ ማስቲካ አኝካለሁ፣ ይኸኛው አይጎትትም፣ ይኸኛው አያንኳኳም።

መንገድ ያልጠፋበት ሹፌር የለም፣ ግሊን አንድ ጊዜ ስኮትላንድን ሳላያት ጨረስኳት ይላል፣ ግሊን ማለት እንደኔው የሰው መኪና አድራሽ ነው፣ ዌልሳዊ፣ አፉ የማይዘጋ፣ ሐሳብ ይወስዳል፣ እጅና እግር ስራቸውን ያውቃሉ፣ ደህና። ግን ሐሳብ የወሰደው ሰው ስፖኪዮው ተመትቶ ሲታጠፍ ይሰማዋል፣ ጆሮው ስር ነው የሚጮኸው፣ ሞቶ ካልሆነ በቀር ይሰማዋል።

ወይ እንደ ወጥ ቤቱ ከሆነ።

ስለ ወጥ ቤቱ አላስብም ብዬ ነበር። ሶስት ሳምንት ሆነው፣ የሻይ ማፍያውን ቧንቧው ስር ይዤ ቆሜያለሁ፣ ውሃው ሞልቶ ይፈሳል፣ ነጠላ ጫማዬ ርሷል፣ ኖሪን ፎጣ ይዛ ፊቴ ላይ ታውለበልባለች፣ ክሊፍ፣ ክሊፍ፣ አራት ጊዜ ጠራሁህ አለችኝ፣ ሰላሳ ስምንት ዓመት በትዳር ስንኖር ድምጿ እንዲህ ቀጥኖ ሰምቼው አላውቅም፣ የት ሄደህ ነው፣ የትም አልሄድኩም እዚሁ ነኝ፣ አይ፣ አይንህ ተገልጦ ነበር ግን ሄደህ ነበር። ሄደህ ነበር። ሱቅ ደርሼ የተመለስኩ ይመስል። ሐኪም ዘንድ እንሂድ አለች፣ አስማልኳት፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ፣ ሐኪሙ ከሰማ መንጃ ፈቃድ ክፍል ይሰማል፣ እነሱ ከሰሙ ዓመት ሙሉ መሪ አልነካም፣ ከዓመት በኋላ ስልሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ማን ያስታውሰኛል። እሺ አለች። ፎጣውን ወለሉ ላይ ጥላ በእግሯ እየገፋች ውሃውን ታደርቅ ጀመር፣ እኔን ሳታይ።

የራስህ አለቃ ነህ ይሉኛል ሰዎች፣ ምን አለብህ፣ አዲስ መኪና ትነዳለህ፣ አገር ታያለህ። አለቃዬ ስልኬ ነው። ውሰድ ይላል እወስዳለሁ፣ አድርስ ይላል አደርሳለሁ፣ ካደረስኩ በኋላ ዝም ይላል፣ እንዴት ወደ ቤት እንደምገባ አይጠይቅም፣ ከመኪና ወደ መኪና የማዛውራቸውን የአድራሽ ታርጋዎቼን ፈትቼ አደባባይ ላይ እቆማለሁ፣ ነጩ ላይ በቀይ የተጻፉትን ሁለቱን ታርጋዎች ደረቴ ላይ ይዤ፣ ያየ ያውቃል፣ መኪና አድርሶ የሚመለስ ምስኪን ነው ይላል፣ አንዳንዱ ይቆምልኛል፣ አንዳንዱ ጥሩምባ ነፍቶ ይሄዳል። ብታመም የሚከፍለኝ የለም፣ የሚተካኝም የለም፣ በሚቀጥለው ቀን ስልኩ የሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ይጮሃል። ሃያ ሰባት ዓመት ዊለንሆል የቁልፍ ፋብሪካ ውስጥ ሰርቼ ፋብሪካው ራሱ ተቆለፈ፣ መንዳት ብቻ ቀረኝ። መንዳት ከሄደ ከወንበሬ ተነስቼ ኖሪን ከሆስፒታል ጽዳቷ ስትመለስ በር መክፈት ነው፣ ሌላ ምን አለኝ።

ስልኩ። ግሊን።

አንተ ሽማግሌ አለህ ወይ ይላል፣ አለሁ፣ የት ደረስክ፣ ስቶክን አልፌያለሁ፣ ታድለህ፣ እኔ ስታፎርድ ላይ ተገትሬያለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ሊሆነኝ ነው፣ አንዱ እብድ ኮኖቹን እንደተደረደረ ጠርሙስ መታቸው። ኮን አለ። ኮን ነው ያለው። የመኪናዋን ጣሪያ እይዛለሁ፣ ሰው ተጎዳ ወይ እላለሁ፣ ድምጼ የራሴ አይመስልም፣ አይ ሰው እንኳ አልተጎዳም ይላል፣ አንዱ ሰራተኛ ኮኖቹ መሃል ቆሞ ነበር፣ ዘሎ ከብረቱ አጥር ወዲያ ወደቀ፣ መስኮቴን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኳቸው፣ ሰውየውን መኪና ውስጥ አስቀምጠው ስኳር የበዛበት ሻይ ይሰጡታል። ደግነቱ ተርፏል እላለሁ፣ ተርፏል ይላል፣ ግን ምን እንዳለ ታውቃለህ ክሊፍ፣ ሹፌሩ አይቶኛል ነው የሚለው፣ አይን ለአይን ተያየን፣ አይኑን አልሰበረም፣ ፍሬን አልያዘም፣ እኔን እያየ መጣብኝ፣ ብሎ ያለቅሳል፣ ትልቅ ሰው እኮ ነው። ከዚያ ግሊን ድምጹን ዝቅ ያደርጋል፣ ሌላ ደግሞ አለ፣ ሰማያዊ ትንሽ መኪና ናት፣ ባለቀይ ፊደል ታርጋ ናት ይላል፣ ከኛ ሰዎች አንዱ ነው፣ ማን ይሆን፣ አንተ ዛሬ ምን ይዘሃል።

ግራጫ እላለሁ።

ግራጫ። ጥሩ፣ እንግዲህ በደህና ግባ፣ ይላል ግሊን። አንተም በደህና ግባ።

ኮን ነው፣ ሰውየው ተርፏል፣ ሻይ እየጠጣ ነው፣ አለቀ እኮ፣ ለምን አያልቅም፣ ስፖኪዮውን እዘረጋለሁ፣ ቀጥ ይላል፣ እገባለሁ፣ ቀበቶ አስራለሁ፣ ቁልፉን አዞራለሁ፣ ስድሳ ማይል ቀርቶኛል፣ አሁን መንዳት የለብኝም፣ እነዳለሁ። መስኮቱን ከፍቼ ያየሁትን ሁሉ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ድምጼ ከተቋረጠ መሄዴን አውቃለሁ፣ ናትስፎርድ፣ ማንችስተር፣ ትኩስ ዶሮ፣ ርቀትህን ጠብቅ፣ ዋሪንግተን፣ የጭነት መኪናዎቹን ጀርባ አነባለሁ፣ ስጋ፣ ሶፋ፣ የቤት ምንጣፍ፣ እንዴት እየነዳሁ ነው ይደውሉልን የሚል ከነቁጥሩ አነባለሁ፣ ዊጋን፣ አለሁ፣ ሊላንድ፣ አለሁ፣ ጉሮሮዬ ይደርቃል፣ አይን ለአይን ተያየን አለ፣ ያየሁት ሰው ፊቱን እንኳ አላውቀውም፣ መንገድ ላይ ቢያገኘኝ ያውቀኛል፣ እኔ አላውቀውም፣ ማነው በኔ አይን ያየው። ፕሪስተን። አለሁ።

ፕሪስተን ላይ ይዘንባል። ተመስገን፣ ዝናብ የኛ ጠበቃ ነው፣ መኪና ስታስረክብ ስልኩ ላይ አንድ ትንሽ ሳጥን አለች፣ ተሽከርካሪው እርጥብ በመሆኑ ጭረት ማየት አልተቻለም ትላለች፣ እሷን ነክተህ ደንበኛው ከፈረመ ከዚያ ወዲያ የተገኘ ጭረት ያንተ አይደለም፣ ሰማይ ንጹህ ሲሆን ሁለት ሊትር ውሃ ከሻንጣው አውጥቶ ደንበኛው ሰፈር ማዕዘን ላይ መኪናውን የሚያጥብም አለ፣ እኔ አድርጌው አላውቅም፣ ዛሬ ማድረግ አላስፈለገኝም፣ እግዜር ራሱ እያጠበልኝ ነው። በል ዝናብ፣ በደንብ ውረድ።

ጋርስታንግ። ቀይ ጡብ ቤት፣ ደጃፉ ላይ ለተሽከርካሪ ወንበር የተሰራ የሲሚንቶ መውጫ፣ በሩ ሳላንኳኳ ይከፈታል፣ ሚስተር ኦስጉድ ናቸው፣ ሰባ አምስት ይሆናቸዋል፣ አንድ እግራቸው ከጉልበት በላይ ተቆርጧል፣ የሱሪያቸው እግር ተጣጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፣ ክራቫት አስረዋል። መኪና ለመረከብ ክራቫት። መጣህልኝ ወንድሜ ይላሉ፣ ከነጋ መስኮቱ ጋ ነኝ፣ ጎረቤቴ ሙሽራ ልትቀበል ነው ወይ አለችኝ፣ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ። በቀኝ በኩል ነው ያቆምኳት፣ ቀኟን ነው የሚያዩት፣ ንጹሁን ጎን፣ አስቤበት ነው፣ አላሰብኩበትም፣ አስቤበት ነው።

በእግር ፋንታ በእጅ የሚሰራውን ማንሻ አሳያቸዋለሁ፣ ወደ ላይ ሲስቡት ነዳጅ፣ ወደ ታች ሲገፉት ፍሬን፣ አውቀዋለሁ ይላሉ፣ ተፈትኜ ነው ያለፍኩት፣ እንደ ልጅ ከአስተማሪ ጋር፣ ከዚያ መኪናዋን ትተው ዝናቡን ያያሉ፣ ታውቃለህ፣ እግሬ የተቆረጠ ጊዜ መንጃ ፈቃዴን ራሴ ነኝ በፖስታ የመለስኩት፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ፖስታ ሳጥኑ አፍ ላይ እጄ አልለቅ አለ፣ ቆሜ ቀረሁ፣ ማለቴ ወንበሬ ላይ፣ ሚስቴ ናት ጣቶቼን አንድ በአንድ ያላቀቀችው። አስራ አራት ወር በሰው መኪና። ሐኪም ቤት በሰው መኪና፣ የሚስቴ ቀብር በሰው መኪና። ይኸው ዛሬ።

ይኸው ዛሬ እላለሁ።

አምጣ ልፈርም ይላሉ፣ ስልኩን እዘረጋላቸዋለሁ፣ ሳጥኗ ተነክታለች፣ እርጥብ ነው፣ አልታየም፣ መነጽራቸውን በክራቫታቸው ይጠርጉና መልሰው ያደርጉታል፣ መልሶ ጭጋግ ይይዘዋል፣ አንተ አይን አለህ ይላሉ፣ እኔ ምንም አይታየኝም፣ ደህና ናት በለኝና ልፈርም።

አይን አለህ።

ደህና ናት፣ ሁለት ቃል ነው፣ በለው፣ ደህና ናት ሚስተር ኦስጉድ፣ ይፈርማሉ፣ ታርጋዬን ፈትቼ እሄዳለሁ፣ ነገ ስልኩ ውሰድ ይላል እወስዳለሁ፣ ነገ ሌላ ሰው ብርቱካናማ ለብሶ መንገድ ላይ ይቆማል፣ አየኝ ይላል፣ ምናልባት ዘሎ አያመልጥም፣ ምናልባት ሚስተር ኦስጉድ ናቸው ራሳቸው፣ አዲሷ መኪናቸው ውስጥ፣ ከፊቴ፣ ክራቫት አስረው። ጣቴ ስልኩ ላይ ነው፣ ጥፍሬ ስር ብርቱካናማው አለ፣ ዝናቡ እሱን አላጠበውም።

አንድ ጊዜ እላለሁ። ስልኩን መልሼ ወደ ራሴ እስባለሁ። ሳጥኗን መልሼ እነካታለሁ፣ ምልክቷ ይጠፋል፣ ሌላ ገጽ ይመጣል፣ ተሽከርካሪው በጉዞ ላይ ሳለ ጉዳት ደርሶበታል ወይ፣ አዎ፣ ጉዳቱ የደረሰበትን ሁኔታ ያብራሩ። አልነበርኩም ብዬ እጽፋለሁ። እልካለሁ። መልስዎ አጭር ነው፣ ቢያንስ ሃምሳ ፊደል ይጻፉ ይለኛል። ሃምሳ ፊደል። የሚያስቅ ነገር ነው፣ አልስቅም፣ ደግሜ እጽፋለሁ፣ ስታፎርድ ላይ ኮን ገጨሁ፣ ሰው ልገድል ነበር፣ መሪው ላይ ነበርኩ ግን ሄጄ ነበር፣ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም፣ ባለቤቴ ኖሪን ታውቃለች። ይበቃል። አሁን ይበቃል ይላል።

ረዘመ እኮ ይላሉ ሚስተር ኦስጉድ፣ ምን ትጽፋለህ። ግራ ጎኗ ተጭሯል እላለሁ፣ እኔ ነኝ። ወንበራቸውን እያሽከረከሩ ዝናቡ ውስጥ ይወጣሉ፣ ተው ይርሳሉ እላለሁ፣ አይሰሙኝም፣ በግራ በኩል ይዞራሉ፣ ጎንበስ ብለው እንደኔው በአውራ ጣታቸው ያሹታል፣ ብዙ ይቆያሉ፣ ይቆጣሉ ብዬ እጠብቃለሁ፣ መቆጣታቸውን እፈልገዋለሁ፣ ክራቫታቸው በስብሶ ሸሚዛቸው ላይ ተለጥፏል። አንተስ ይላሉ ሳያዩኝ፣ አንተ ደህና ነህ።

አይደለሁም።

ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ምን ሆነህ ነው አይሉም፣ ስልኩን ተቀብለው ይፈርማሉ፣ ጣታቸው እርጥብ ስለሆነ ሶስት ጊዜ ይሞክራሉ። ታርጋዎቼን ፈትቼ ከረጢቴ ውስጥ እከታለሁ፣ ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አስቀምጣለሁ፣ ጣቶቼ ትንሽ ይዘገያሉ፣ ኖሪን ማታ በር ስትከፍት ምን እላታለሁ፣ ምንም አልልም፣ ካልሲዬን አውልቄ ነገ ሐኪም ዘንድ አብረሽኝ ትሄጃለሽ ወይ እላታለሁ። ታዲያ በምን ትመለሳለህ ይላሉ ሚስተር ኦስጉድ። በሰው መኪና እላለሁ፣ ሁልጊዜም በሰው መኪና ነበር፣ ከእንግዲህ ግን ጋቢና ነው የምቀመጠው።