ቀይ አፈር በአለት መሃል

እናኑ በቡሬ ዙሪያ የታወቀች የወፍጮ ድንጋይ መራጭ ነበረች። ጎጆ የምትወጣ ሙሽራ እሷን ሳታማክር ወፍጮ አትተክልም። እናኑ ድንጋዩን በጠጠር መታ መታ ታደርግና ጆሮዋን ታስጠጋለች። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ ስንጥቅ ያለበት አፉን እንዳፈኑት ሰው ይሆናል።

ጣሊያን ቡሬ በገባ በሦስተኛው ዓመት አንድ ሽማግሌ መሐንዲስ የባቡር መንገድ ሊቀይስ መጣ። ሐዲዱ ተራራውን ሰርስሮ እንዲያልፍ ዋሻ ማስቆፈር ጀምሮ ነበርና፣ አለቱ ያለ ድጋፍ ይቆም እንደሆነ ማወቅ ነበረበት። ስንጥቁን ሲለካና ሲጽፍ ይውላል። አስተርጓሚው ዳኘው የእናኑ ወንድም ነው፤ ስለ እሷ ቢነግረው አስጠራት።

ክረምቱ ገና አልወጣም። ጉሙ ተራራውንም ሰውንም ከብቱንም ውጦታል። እናኑ ፋኖስ ይዛ ወደ ዋሻው ስትገባ ጉሙ ተከትሏት የገባ መሰላት። እየመታች፣ እያዳመጠች ዘለቀች። አለቱ ሲመልስላት ከሩቅ ሰው የሚጠራት እየመሰላት፣ መሬት መርገጧን እንኳ ረሳች። አርባ እርምጃ ላይ ድምፁ ጠፋ። ብትዳብስ በሁለት አለት መሃል የተጋደመ ቀይ አፈር ነው፤ እርጥብ፣ እጅ የሚያሟልጭ።

"እስከዚህ ራሱን ይችላል። ከዚህ ወዲያ በየእርምጃው እንጨት ካልደገፈው ይወርዳል" አለች።

ዳኘው ተረጎመ። መሐንዲሱ የፈራው ይህንኑ ነበር፤ ሆኖም ነገ ደግማ አይታ ቁርጡን እንድትነግረው ለመናት። ለድጋፍ ምሰሶ የሚሆን ወፍራም ጽድ ያለው ደግሞ በማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ብቻ ነው።

ወሬውን የሰሙት የማርያም ቄስ፣ መምሬ ወልደ ዮሐንስ፣ ቤቷ ድረስ መጡ።

"እናኑ፣ አለቱ ደህና ነው በይው። ጽዶቹን የተከሉት አያቶቻችን ናቸው።"

"አባ፣ ውስጥ የሚቆፍሩት አሥራ አንዱም የኛው ልጆች ናቸው። ደህና ነው ብዬ ልቅበራቸው?"

"እንግዲያው ጨርሶ አይሆንም በይው።"

"በእንጨት ይቆማል እኮ፣ አባ። የሰማሁትን አልሰማሁም ብል ነገ ማን ያምነኛል?"

መምሬ ተነሥተው ወጡ። እናኑም በማግስቱ ቃሏን አልለወጠችም። ጽዶቹ ሲወድቁ በነጠላዋ ጆሮዋን ሸፍና ተቀመጠች።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ረፋድ፣ የዋሻው ምሰሶዎች ይንቋቁ ጀመር። ቆፋሪዎቹ ድምፁን ሲሰሙ ዶማቸውን ጥለው ሮጡ። ምሰሶዎቹ የመጨረሻው ሰው ከደጅ እስኪደርስ ያዙት፤ ከዚያ በክረምቱ ውሃ የከበደው ቀይ አፈር አለቱን ይዞ ወረደ። እናኑ ስትደርስ ሜዳው ሁሉ ቀይ አቧራ ነው። ከዚያ ውስጥ ሰዎቹ አንድ በአንድ፣ ቀስ እያሉ፣ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ብቅ አሉ። አሥራ አንድ።

መሐንዲሱ ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ፤ ባቡሩም ቀረ።

በሳምንቱ መምሬ መጥተው ደጇ ላይ ተቀመጡ። "የልጆቹን ስም ንገሪኝ፣ በጸሎት ላስባቸው" አሉ። አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ስለ ጽዶቹ አንዳቸውም አላነሱም።