ከኦገስት ዘጠኝ በኋላ ያሉት ጨዋታዎች

ማርቪን ወደ ወጥ ቤቱ ሲገባ ወሬው ቀጥ አለ። የሟች ወንድሙ ጓደኛ ሴይሙር ካትስ የወረቀት ኩባያውን ከንፈሩ ላይ እንዳስጠጋ ቀረ። እንግዶቹን የምታስተናግደው ፐርል ደግሞ ትሪው ላይ የተደረደረው ክብ ቤግል ዳቦ ድንገት ያሳሰባት ይመስል ጎንበስ ብላ ታስተካክለው ጀመር። ማርቪን ግን ከበሩ ውጭ ሆኖ የሰማውን ሰምቷል። «ከኦገስት ዘጠኝ በኋላ ያደረገው ነገር ነውር ነው፤ ብቻ ማርቪን እንዳይሰማ» ነበር ያለው ሴይሙር።

«ምኑን ነው የማልሰማው?» አለ ማርቪን።

«ኧረ ምንም። ስለ መኪና ማቆሚያው ነው» አለ ሴይሙር። «ጎረቤቶቹ መንገድ ዘጋችሁብን እያሉ ነው።»

«ኦገስት ላይ ነው የተዘጋባቸው? አሁን እኮ ማርች ነው።»

«እንቁላል ትበላለህ?» አለች ፐርል።

ማርቪን በሰባ ሦስት ዓመቱ የተማረው ነገር ቢኖር፣ ለጥያቄህ መልስ የተቀቀለ እንቁላል የሚሰጥህ ሰው አንድ ነገር እየደበቀህ መሆኑን ነው። ኮቱ ላይ የተሰካችውን የተቀደደች ጥቁር የሐዘን ጥብጣብ አስተካክሎ፣ ሳሎን ወዳለው ዝቅተኛ የሐዘንተኛ በርጩማው ተመለሰ። ጉልበቱ ቋ አለ።

አይሁዶች ሰባት ቀን ለሐዘን የሚቀመጡበት የሺቫው ሁለተኛ ቀን ነበር። ታላቅ ወንድሙ ሲድ ከተቀበረ ወዲህ በአክሮን ከተማ ያለው ቤቱ መስተዋቶች በአንሶላ ተሸፍነዋል፣ የውጭው በር አይቆለፍም፣ ሰው ሳያንኳኳ ይገባል፣ ኩግል የሚባለውን የተጋገረ ኑድል ያስቀምጣል፣ ቡናውን ከትልቁ ማፍያ ይቀዳል፣ ስለ ሲድ ደግ ደጉን ያወራል። ፋርማሲስት ነበር፤ ሌሊት ተነስቶ መድኃኒት ለስንቱ አድርሷል፤ ጠጪ አልነበረም፤ ሚስቱን ይወድ ነበር። ማርቪን ይህን ሁሉ እየሰማ አንገቱን ይነቀንቃል። በዚህ ሁሉ ክፍት ቤት ውስጥ የተቆለፈው አንድ በር ብቻ ነው። ወደ ምድር ቤት የሚያስወርደው። ቁልፉን የሲድ ሚስት ሎይስ በሹራብ ኪሷ ይዛ ነው የምትዞረው። ማርቪን ይህንንም አይቷል።

ኦገስት ዘጠኝ። ስንት ቀን አለ በዓመት ውስጥ? ሴይሙር ግን እሷን መረጠ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሰባት ማርቪን የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበር፤ ዌልስፎርድ ቀበሮዎች ለሚባል የቤዝቦል ቡድን ኳስ ይወረውር ነበር። ቀበሮዎቹ ከትልቁ ሊግ አራት ደረጃ ዝቅ ያሉ፣ አውቶቡሳቸው ዳገት ላይ የሚቆም ቡድን ነበሩ። ማርቪን ግን እስከ ጁን መጨረሻ ሰባት ጨዋታ አሸንፎ፣ ከትልቁ ሊግ የመጡ ሰዎች ማስታወሻ ይዘው ሊያዩት ተቀምጠው ነበር። ሲድ አርባ ማይል እየነዳ በሜዳቸው የሚደረግ አንድም ጨዋታ አያመልጠውም ነበር። ጁላይ ላይ ግን ትከሻው ጀመረው። መጀመሪያ እንደ ቁርጥማት፣ ኋላ እንደ ቢላ። ሲድ ከሚሠራበት ፋርማሲ ቅባት እያመጣ በኪራይ ክፍሉ ያሸው ነበር። አንድ ቀን ማርቪን ሸሚዙን መቆለፍ አቅቶት ሲድ ቆለፈለት።

«ለማንም እንዳትተነፍስ» አለው ማርቪን።

«ለሐኪም እንኳ?»

«ለሐኪምም፣ ለእማማም፣ ለማንም። ማልልኝ።»

ሲድ ማለለት። በኦገስት ዘጠኝ አሰልጣኙ ማርቪንን ጠርቶ በሩን ዘጋና «ስለ ትከሻህ ሰምቻለሁ፤ ሻንጣህን አዘጋጅ» አለው። የሚያውቀው ሰው አንድ ብቻ ነበር።

ማርቪን ጠይቆት አያውቅም። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በየፋሲካው በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ወይኑን ሲቀባበሉ፣ በየሰርጉ ተያይዘው ሲጨፍሩ፣ ምንጣፍ ሲሸጥ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ሲድ ንግግር ሲያደርግለት፣ ማርቪን ከሥር ከሥሩ ያየው ነበር። ዛሬ ይነግረኛል ይል ነበር። ሲድ ግን ድንቹን አቀብለኝ ነበር የሚለው።

አሁን ሞተ። ማርቪንን ያናደደው አንዱ ይሄ ነው፤ ሳይናገር አመለጠው። ሌላው ደግሞ የሚያፍርበት ነገር ነበር፤ ይህን ሰው በጣም ይወደው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሴይሙር ሎይስን መተላለፊያው ላይ ይዟት ሲያንሾካሹክ ማርቪን ጆሮውን አቆመ። «ኮምፒውተሩን ካጠፋሽው ያልቃል ሎይስ፣ አታጥፊው» ይል ነበር። ሎይስም «አልነካሁትም፣ ሲድ ከሞተ ጀምሮ አልነካሁትም» አለችና ኪሷን ዳበሰች። ማርቪን ከዚያ በኋላ ሴይሙር ያመጣውን የሳልሞን ዓሣ መብላት ተወ።

በአራተኛው ቀን ለጸሎቱ የግድ ከሚያስፈልጉት አሥር ሰዎች አንድ ጎድሎ፣ ሴይሙር ከጎረቤት ከተማ ከካንተን አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ይዞ መጣ። ካዲሹ፣ የሐዘንተኞቹ ጸሎት፣ አልቆ ሰው ወንበሩን ሲስብ ሰውዬው ቀጥ ብሎ ወደ ማርቪን መጣና ቁልቁል አየው።

«ማርቪን ማለት አንተ ነህ? የዌልስፎርዱ?»

«ነኝ።»

«አይ አንተ ሰው! ባለፈው ሳምንት እኮ ዘጠኝ ነጥብ አስቆጠርንብህ።»

ማርቪን ሰውዬው የጠጣ መሰለው። «ወንድሜ፣ እኔ ከስልሳ ሰባት ጀምሮ ኳስ ወርውሬ አላውቅም።»

«እሱማ አንተ ነህ የምታውቀው፤ እኛ ጋ ግን በየአራት ቀኑ ነው የምትመጣው» አለ ሰውዬው እየሳቀ። ሴይሙር በኮቱ ጅራት ጎትቶ ሊወስደው ደረሰ። ማርቪን ግን ከበርጩማው ተነስቶ የሴይሙርን ክንድ ያዘ። ሺቫ የተቀመጠ ሰው እንዲህ አይነሳም፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

«ና ውጣ» አለው።

በረንዳው ላይ ብርድ ነበር። ሴይሙር እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ እግሩን እግሩን ያይ ጀመር።

«ተናገር» አለ ማርቪን። «ወይስ እንቁላል ልታበላኝ ነው አንተም?»

ሴይሙር ተናገረ። ስድስት ሽማግሌዎች ናቸው። የድሮ የቤዝቦል ዘመን ይመርጡና በኮምፒውተር እንደገና ያጫውቱታል። የእያንዳንዱ ተጫዋች ቁጥር ይገባለታል፤ ስንት መታ፣ ስንት ሳተ፣ ስንት አስቆጠሩበት። ከዚያ ማሽኑ ጨዋታውን እንደ አዲስ ያካሂደዋል፤ ማን እንደሚያሸንፍ ማንም አያውቅም። ዘንድሮ ሲድ የስልሳ ሰባቱን የዌልስፎርድ ሊግ ይዞ መጣ። ለዚያ የትንሽ ከተማ ሊግ የተዘጋጀ ቁጥር ስላልነበረ፣ ሦስት ዓመት ወደ ዌልስፎርድ ቤተ መጻሕፍት እየተመላለሰ ከአሮጌ ጋዜጣ በእጁ ለቅሞታል።

«የእኔን ውርደት» አለ ማርቪን። «ሦስት ዓመት ሙሉ የእኔን ውርደት ሲለቅም ከረመ። ከዚያ ስድስታችሁ ተሰብስባችሁ ትጫወቱበታላችሁ።»

«አይደለም…»

«ነውሩስ? ነውር ነው ስትል ሰምቼሃለሁ።»

ሴይሙር ተነፈሰ። «እኛ አንድ ሕግ ነው ያለን። ያን ቀን በእውነት የተጫወተ ይጫወታል፤ ያልተጫወተ አይገባም። ይሄ ካልተከበረ የሕፃን ጨዋታ ነው። ሲድ ደግሞ ከሁላችንም በላይ ሕግ አክባሪ ነበር፣ አስመራሪ ነው የምልህ። ኦገስት ዘጠኝ ሲደርስ ግን ሕጉን ጣሰ። ለምን ብለው ዘጋኝ፤ እኔም ዘጋሁት። ሦስት ሳምንት ሳንነጋገር ሞተ ማርቪን። ሦስት ሳምንት።» ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «በዓይንህ ብታየው ይሻላል።»

ሎይስ ቁልፉን ስትጠየቅ ኪሷን ጨብጣ ያዘች። «እስኪጨርሰው ማርቪን እንዳያይ ብሎኛል።»

«አሁንማ ጨረሰ ሎይስዬ» አለ ማርቪን።

«አልጨረሰም እኮ። ቡና ይዤለት ስወርድ ወንበሩ ላይ…» አላስጨረሳትም፤ አቀፋት። ቁልፉን እጁ ላይ አደረገችለት። «በሺቫ ጨዋታ ክልክል ነው፣ ታውቃለህ» አለችው እያለቀሰች።

«አልጫወትም። አያለሁ።»

ምድር ቤቱ ውስጥ አሮጌ ጠረጴዛ፣ ትራስ የተደረገበት ወንበርና የበራ ኮምፒውተር ነበር። ስክሪኑ አጠገብ የሲድ ደብተር ተዘርግቷል፤ ለእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ መስመር፣ የመድኃኒት ትእዛዝ በሚጽፍበት ጥንቁቅ እጁ። ማርቪን ወንበሩ ላይ መቀመጥ ከበደው። ቆሞ ገጾቹን ገለጠና ኦገስት ዘጠኝን አገኘ።

«ዛሬ ለአሰልጣኙ አልነገርኩትም» ይላል። «ማርቪን ይወረውራል።»

ማርቪን ጠረጴዛውን ተደገፈ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሲጠረጥር እውነቱን ነበር። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ደስታ ግን አልመጣም። የመጣው ንዴት ነው። «እሱ ነው!» አለ። «ወይኔ፣ እሱ ራሱ ነው! ማለልኝ እኮ!»

ሴይሙር ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር። «ቀጥለህ አንብብ» አለው።

ኦገስት አሥራ ሦስት፦ «ማርቪን አራት ዙር። ስድስት ነጥብ ገባበት። ተሸነፍን። አልደገምኩትም።» ኦገስት አሥራ ሰባት፦ «አምስት ዙር፣ ሰባት ነጥብ። ተሸነፍን። ሴይሙር ስለ ሕጉ ጮኸብኝ። አልደገምኩትም።» ገጽ በገጽ እንዲያ ነው። ከኦገስት ዘጠኝ ወዲህ በሰባት ጨዋታ አንድ አሸነፈ፤ ስድስት ተሸነፈ። ያቺ አንዷ ድል በቀይ እስክሪብቶ ሁለቴ ተሰምሮባታል።

«ቁጥሬን ቀንሶብኛል» አለ ማርቪን። ይህን ሲል ንግግሩ ለራሱም ቀሎ ተሰማው። «እንዲህ አልነበርኩም።»

«አንዱንም አልነካም፤ እኔ ራሴ ከጋዜጣው ጋር አመሳክሬያለሁ። ጁን ላይ አንደኛ ነበርክ። ጁላይ ላይ እንዴት እንደወረወርክ ጋዜጣው ያውቃል፤ አንተም ታውቃለህ። ማሽኑ የሚያውቀው ያንኑ ነው።» ሴይሙር ወረደና አጠገቡ ቆመ። «አንዲት ቁጥር ቢያሳምርልህ ኖሮ ማን ያውቅበት ነበር? ወይም የተሸነፍክበትን ሰርዞ ቢደግመው? ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። አላደረገውም። ዝም ብሎ እንደገና ያስገባሃል። ትሸነፋለህ፤ ያስገባሃል። ቡድኑን ከአንደኛ ወደ አራተኛ አወረድከው። አብዷል ነበር ያልኩት እኔ።»

ስክሪኑን አየ። ሴፕቴምበር ስድስት፣ የዘመኑ የመጨረሻ ጨዋታ፣ ስድስተኛ ዙር። ሦስቱም ማዕዘን በተጋጣሚ ሯጭ ተይዟል፤ ከእነሱ ማንም ገና ከጨዋታ አልወጣም። ወርዋሪው ከሚቆምበት ጉብታ ጎን የማርቪን ስም ተጽፏል። ከሥሩ ማሽኑ ጥያቄ አቅርቦ ይጠብቃል፦ «ወርዋሪው ደክሟል። ይቀየር?» አዎ፤ አይ።

«ይሄ ሲመጣ ሁልጊዜ 'አይ' ነው የሚለው» አለ ሴይሙር። «ሁልጊዜ። ያን ዕለት ጠዋት ግን መልስ ሳይሰጥ ነው የሄደው።»

«ሊጫን ሲል ሞቶ ነው ወይስ አስቦ ነው የተወው?»

«እሱን እኔም አላውቅም።»

የቀሩትን ቀናት ማርቪን በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሰው ሲመጣና ሲሄድ ያይ ነበር። መጠርጠር ልማዱ ነውና አልተወውም፤ የሚጠረጥረው ሰው ግን ተቀየረ። አሁን የሚጠረጥረው ያንን የሃያ አንድ ዓመት ጎረምሳ ነበር። ያ ልጅ ማበጠሪያውን ጸጉሩ ድረስ ማንሳት አቅቶት በግራ እጁ ያበጥር ነበር። ማታ ትራስ እየነከሰ ይተኛ ነበር። አንድ ወር ቢጨምር ክንዱ ጨርሶ ይበጠስ እንደነበር ያውቅ ነበር፤ እያወቀ፣ የገዛ ወንድሙን አስምሎ በክፉ መሐላ አስሮታል። ኋላም ልጆቹን በዚያ ክንድ አንስቶ ትከሻው ላይ ሲያስቀምጥ፣ ክንዱን ማን እንዳተረፈለት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም። ሲድ ያተረፈለትን ነገር እንደ ጥፋት ቆጥሮ ሽማግሌ ሆነ፤ ማርቪንም ዝም ብሎ አየው።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ጸሎቱ ሲያበቃ «ተነሡ» ተባሉ። ሎይስና ማርቪን ተያይዘው ተነሡና እንደ ወጉ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞሩ። የአጥር ሥር በረዶ እየቀለጠ ነበር። ሲመለሱ ፐርል አንሶላዎቹን ከመስተዋቱ እያወረደች ነበር፤ ማርቪን አልፏት ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። አሁን ጨዋታ ተፈቅዷል።

የሲድ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ለሲድ ቁመት የተስተካከለ ስለሆነ እግሩ ተንጠለጠለ። ሦስቱም ሯጮች እንደቆሙ ናቸው፤ ጉብታው ላይ ያለው ስሙም እዚያው ነው። «አይ» ቢል ደግሞ ይወረውራል። ማንም ከልካይ የለውም፤ ሃምሳ ሁለት ዓመት የፈለገውም ይህንኑ ነበር።

«ሲድ» አለ ጮክ ብሎ፣ ከላይ ያሉት ቢሰሙም ግድ ሳይሰጠው። «አሞኛል። ትከሻዬን በጣም አሞኛል።»

ቀኝ እጁን አነሳና «አዎ» የሚለውን ተጫነ።