አማቷ ያላዩት ፊት

ኬሰር እንግሊዝ አገር ከምትሠራበት የሳንድዊች ፋብሪካ ተመልሳ ሶፋው ላይ ዘፍ ስትል፣ ወቀሳ የማያልቅባቸው የባሏ እናት ከህንድ፣ ከራጃስታን በቪዲዮ ደወሉ። በአገራቸው ልማድ ምራት ለባሏ አባት ፊቷን አትገልጥምና፣ የሽማግሌውን ድምፅ በሰማች ቁጥር ሻርፗን ፊቷ ላይ ትጥላለች። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲሁ። ዛሬ ግን ወቀሳውን እየሰማች እንቅልፍ ጣላት።

ስትነቃ ሻርፑ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ስልኩ አልተዘጋም። ክው አለች።

«አንቺ ዓይን አውጣ! አማትሽ ፊት ተገልጠሽ ታንኮራፊያለሽ?» ጮኹ አሮጊቷ።

ሽማግሌው ከሚስታቸው ኋላ ተቀምጠዋል። ሰው ፊት ፈተውት የማያውቁትን ጥምጣም ፈተው ፊታቸውን ሸፍነውበታል።

«ተያት እባክሽ፣ ደክሟት ነው» አሉ ከጨርቁ ሥር። «እኔ ተሸፍኛለሁ፤ ትተኛ።»