ሰባት ሜትር አንጀት

እና አንዲት ፈስ ናት የቀረችው፣ አንዲት፣ እግዜር ለሕፃኑም ለአህያውም በነፃ የሚያድላት፣ ለእሷ ባል ሲሆን ግን ሦስት ቀን ሙሉ ትለመናለች፣ ሐኪሟ ዛሬም ጠዋት መጥታ አባባ ጋዝ ወጣልዎት? ስትለው ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ምን አልሽ ልጄ? ይላል፣ ሰምቷል እኮ፣ ጆሮው እንደ ድመት ነው፣ አፍሮ ነው እንጂ።

ሐኪሟ ማዳመጫዋን ሆዱ ላይ ታደርጋለች፣ ዝም፣ ወደ ግራ፣ ዝም። ከዚያ ሚስቲቱን ወደ ኮሪደር ጠርታ፣ እማማ፣ ከአንጀታቸው ሁለት ስንዝር ቆርጠን የቀረውን ሰፍተነዋል፣ ግን ከተኛበት አልነቃም፣ ጋዝ ከወጣ ነቃ ማለት ነው፣ እስከ ከሰዓት ካልሆነ ግን፣ እንደገና ልንከፍት እንችላለን።

እንደገና። ያንን የከሳ ሆድ እንደገና። አንጀቷ ይላወሳል፣ የእሷስ ይላወሳል፣ ምን ያደርጋል፣ የሱ ነው እምቢ ያለው።

አርባ ሦስት ዓመት አብራው ኖራ አንድ ቀን አልሰማችውም፣ ልብስ ሰፊ ነው፣ ሆዱ ሲነፋ መቀሱን ያስቀምጥና ደንበኛ የመጣ መሰለኝ ብሎ ይወጣል፣ በፀሐይም በዝናብም፣ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል፣ የለም፣ ሄዷል። አዲስ ሙሽራ ሳለች እንደውም ይሄ ሰው ስንት ደንበኛ አለው ብላ ኮርታ ነበር፣ ለእናቷም ነግራለች፣ ስትነቃበት ግን ዝም፣ ሆድ ይፍጀው።

ትናንት ሐኪሟ ወረቀት ላይ እየሣለች፣ አባባ ምግብ እንዲህ ነው የሚጓዘው፣ ጥርስ ያደቀዋል፣ ምራቅ ያርሰዋል፣ ጨጓራ በአሲዱ እያሸ ሾርባ ያስመስለዋል፣ ሐሞት ቅባቱን ይበትናል፣ ቆሽት የቀረውን ይፈታል፣ ትንሹ አንጀት ሰባት ሜትር ሙሉ እየገፋ ጥቅሙን ወደ ደም ያሳልፋል፣ ትልቁ ውሃውን ይመጥጥና ትርፉን ያሰናብታል። እሱ ሰምቶ ሰምቶ፣ ሰባት ሜትር? ሁለት ሙሉ ሱፍ ይወጣዋል! ለመሆኑ በምን ክር ሰፋችሁት? ድርብ ነው? ሐኪሟ ሳቀች፣ እሱ አልሳቀም፣ ከልቡ ነው የጠየቀው፣ ወይ የኔ ሰው።

አሁን ደግሞ ይቺ፣ የልጃቸው አማት፣ ከጠዋት ጀምራ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አቁማ እንደ ዳኛ ተቀምጣለች፣ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ግን እሷ ባለችበት ይሄ ሰው? ሞቶ! ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም ይባላል፣ ፈስ የጠፋበትስ ምን ሊችል ነው፣ ቆይ፣ ቆይ፣ የእግሩ ጣቶች ተቆለመሙ፣ አንሶላውን ጨበጠ፣ ፊቱ ቀላ፣ መጥቷል! መጥቶ ነው የያዘው! ቢላ እየተሳለለት ይይዛል እንዴ ሰው?

እትዬ ይውጡልኝ ብትል ቂም ነው፣ ምራቷ ጋ ይደርሳል፣ እሱን ልቀቀው ብትለው ይብስ ይደነግጣል፣ ታዲያ ምን ይደረግ፣ ክብር? ክብር የተሰፋ ሆድ አያድንም። እና በሰባ ዓመቷ፣ ወንበሯ ላይ በአንድ ጎን ከፍ ብላ፣ ሆን ብላ፣ ጥሩንባ።

አማትየው ቦርሳዋን አቀፈች።

ይቅርታ እትዬ፣ እርጅና ነው፣ እናንተ ቤት አልደረሰም?

አማትየው ጣሪያውን አየች፣ በሩን አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ፣ ኧረ ከደረሰ ቆይቷል አለች።

እሱ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ አለቀሰ? የለም፣ እየሳቀ ነው፣ በሁለት እጁ ሆዱን ይዞ፣ ኧረ ተዉኝ፣ ኧረ ስፌቱ ይተረተራል፣ እናንተ ሴቶች፣ ኧረ፣ እና በሳቁ መሃል፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ አዲስ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት።

አንሶላውን እስከ ግንባሩ ሳበው። ከውስጥ ድምፁ፣ ተሰማ እንዴ?

እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፣ አውራ ጣቷ የመጥሪያውን ደወል አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥሬ ይጫናል፣ ኮሪደሩ ላይ የሚሮጥ ጫማ ይሰማል፣ አማትየው መሀረብ ታቀብላታለች፣ እሷ ግን በሌላው እጇ በአንሶላው ላይ ራሱን እየዳበሰች፣ ምን ተሰማ፣ ምንም አልተሰማም፣ ሆዴ።